ሰላም የማይባባሉ ሁለት ሰዎች ይፈለጋሉ

ፊልሙን ያያችሁ ሰዎች ሁሉ አንድ ጥያቄ አላችሁ። ወረታ መገንጠያው ላይ ባጃጅ ስጠብቅ ታገኙኝና ትጠይቁኛላችሁ። ሩዝ ልታስፈለፍሉ ወፍጮ ቤት ስትመጡ ጆንያውን ከትከሻችሁ ሳታወርዱ ትጠይቁኛላችሁ። አንዱማ ቅዳሴ ሳያልቅ ጆሮዬ ስር መጥቶ «መጨረሻው ለምን ተቆረጠ?» ብሎኛል። ያ ከኋላዬ የሚከተለኝ ሰው ማን ነው? ምን ፈልጎ ነው? ለምን አይናገርም? እስካሁን «የጥበብ ምሥጢር ነው» እያልኩ አንገቴን ሰበር አድርጌ አልፌያችኋለሁ። ምሥጢሩ ግን የጥበብ አይደለም፤ የቤተሰብ ነው። ዛሬ ልንገራችሁና እናንተም ረፉ፣ እኔም ልረፍ።

ነገሩን የጀመረችው ስለናት ናት። ስለናት የታላቅ ወንድሜ የአያ ሙላት ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ቲያትር ተማረች፣ ተመረቀች፣ ሥራ እስካገኝ ብላ አባቷ ቤት፣ ፎገራ ሜዳ ተመለሰች። ሥራ የሚጠብቅ ሌላ ሰው ይተኛል፤ ወይም የሰው ሰርግ ያደምቃል። እሷ ግን አንድ ቀን ወፍጮ ቤት መጥታ፣ በማሽኑ ጩኸት መሀል ወደ ጆሮዬ ተጠግታ «አጎቴ፣ ፊልም ልሠራ ነው» አለችኝ።

«ምን ዓይነት ፊልም?»

«ሥነ ልቦናዊ ልብ አንጠልጣይ።»

«ልቡና አለበት፣ ልብም አለበት። ጉበት ቢጨመርበት ጥሩ ዱለት ይወጣዋል» አልኳት። አልሳቀችም። የጥበብ ሰው እንዲህ ነው፤ በራሱ ቀልድ እንጂ በሰው ቀልድ አይስቅም።

ታሪኩን ነገረችኝ። አንድ ሰው ሜዳ ላይ ብቻውን ይሄዳል። ከኋላው ሌላ ሰው ይከተለዋል። ተከታዩ አይናገርም፤ አይቀርብም፤ አይርቅም። ፊት ፊት የሚሄደው ሰው የሚከተለው እንዳለ ያውቃል፣ ግን ዞር ብሎ አያይም፤ ይፈራል። ፊልሙም «ዞር አትበል» ይባላል። «የሚፈራው ሰውየውን ነው ወይስ የገዛ ሕሊናውን? ጥያቄው እሱ ነው» አለችኝ። እውነቱን ልናገር፣ ጥያቄው ያዘኝ። «ታዲያ መጨረሻው ምን ይሆናል?» ስላት ደብተሯን አሳየችኝ። የመጨረሻው ገጽ ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። እኔ ደግሞ የተዘጋ ነገር ሳይ እጄን የሚበላኝ ሰው ነኝ።

«በምን ትቀርጪዋለሽ?»

«በስልክ።»

«በማን ስልክ?»

ኪሴን አየችው።

ያቺን ስልክ የምታውቁ ታውቃላችሁ። የወፍጮ ቤት አቧራ እንዳይነካት በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ላስቲኩን ደግሞ በመሀረብ ጠቅልዬ የምይዛት ናት። ካሜራዋ የሩዝ ፍሬ ላይ ያለውን ስንጥቅ ሳይቀር ያሳያል። «አይሆንም» ልል አፌን ስከፍት «ዋናው ተዋናይም እርስዎ ነዎት» አለችኝና አፌ እንደተከፈተ ቀረ።

«እኔ? ለምን እኔ?»

«የጥፋተኛ ሰው ፊት አለዎት።»

ይህን እንደ ሙገሳ ወሰድኩት። ቤት ገብቼ መስታወት ፊት ቆምኩና ጥፋተኛነቴን ከግራም ከቀኝም ሳደንቅ፣ ባለቤቴ «ጥርስህን ነው የሚያምህ?» አለችኝ።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ እንዳልሄድ። ስለናት ቤቴ ትመጣለች እንጂ አባቷ አይመጣም። እኔና አያ ሙላት ከተነጋገርን ሦስት ክረምት አልፏል። ገበያ ላይ ስንገናኝ እሱ የበርበሬ ተራውን ያያል፣ እኔ የጨው ተራውን። ለቅሶ ቤት እሱ በስተቀኝ ከተቀመጠ እኔ በስተግራ ነኝ። አባታችን ቀድሞን ስለሄደ እሱ ነው ያሳደገኝ ብል ማጋነን አይሆንም። ኩርፊያው ያቃጥለኛል፤ ድምፁ ይናፍቀኛል፤ ግን ሰው ሕመሙን ከለመደው ተሸክሞት ሩዝ ይፈለፍላል። የተኳረፍንበትን ምክንያት ቆይቼ እነግራችኋለሁ። አሁን ብነግራችሁ ታዝኑብኛላችሁ፤ ገና በመጀመሪያው ደግሞ እንድታዝኑብኝ አልፈልግም።

ተከታይ እንዲሆን መጀመሪያ የተመረጠው የባጃጅ ሾፌሩ ደምሌ ነበር። ደምሌ ረጅም ነው፣ ቅንድቡ ግጥምጥም ያለ ነው፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ሲከናነብ ተሳፋሪው መውረጃው ሳይደርስ ይወርዳል። ችግሩ አንደበቱ ነው።

ወሩ ኅዳር ነበር፤ ሩዙ ደርሶ ሜዳው በአጫጅ ተሞልቷል። ስለናት አንድ የጭድ መንሽ ጣቶቹን ወደ ላይ አድርጋ መሬት ላይ ተከለችና ስልኬን በጣቶቹ መካከል አቁማ፣ ከባጃጅ ጎማ በወጣ አሮጌ ከመነዳሪ ጥፍር አድርጋ አሰረቻት። ልብ ያንጠለጥላል የተባለው ፊልም ስልኬን በማንጠልጠል ተጀመረ። «ምንም ቢሰሙ ዞር እንዳይሉ፣ አጎቴ!» አለችኝ። እሺ ብዬ በማሳዎቹ ድንበር ላይ መሄድ ጀመርኩ። ደምሌ አርባ እርምጃ ያህል ከኋላዬ ነው።

ትንሽ እንደሄድን አጫጆቹ ጋ ደረስን። እኔ ተዋናይ ነኝና ጥርሴን ነክሼ አለፍኩ። ከኋላዬ ግን ከጋቢው ውስጥ «እግዜር ያበርታችሁ!» የሚል ድምፅ ወጣ።

«አብሮ ያበርታን! ደምሌ ነህ እንዴ? ባጃጁን የት ጥለኸው ነው በእግርህ የምትንገላታው?»

«ጋሼን እየተከተልኩት ነው።»

«ምን አድርጎህ?»

«ምንም አላደረገኝ። ላስፈራራው ነው።»

«እህ! እንግዲያው በርታ!»

ስለናት «አቁሙ!» ብላ ጮኸች። በሁለተኛው ሙከራ ደምሌ አፉን በመሀረብ አስሮ መጣ። አጫጆቹ ሰላም ቢሉት ራሱን ነቅነቅ አደረገ። «ወይኔ ደምሌን፣ ጥርሱን አሞት ነው» ሲሉ አንዱ አጫጅ ነጭ ሽንኩርት ይዞ ተከተለው። እኔን ደምሌ ይከተለኛል፣ ደምሌን ነጭ ሽንኩርት ይከተለዋል። ስለናት ሁለተኛውንም ሰረዘችው።

ለሦስተኛው ከሰው ርቀን ሄድን። ደምሌ በሩቅ ቆሞ እንዲያየኝ ብቻ ተነገረው። ጭር ባለ ሜዳ ላይ እንዲያ ተገትሮ ሲያዩት አንዲት እናት ከቤታቸው ደጅ ሆነው ተጣሩ፤ «ምን ሆነህ ነው ልጄ? ከብት ጠፍቶብህ ነው? ና እስኪ ጠላ ቅመስ!» ደምሌ ትልቅ ሰው ሲጠራው እንቢ ማለት አያውቅበትም፤ ገባ። ስለናትም ልታወጣው ተከትላው ሮጠች። እኔ ይህን ሁሉ አላየሁም፤ ዞር አትበል ተብያለሁ። «አቁም» ያለኝም የለም። ከኋላዬ የሚከተለኝን እየፈራሁ፣ ልቤ ድው ድው እያለ፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ብቻዬን ሄድኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ጥሩ አድርጌ ተውኜ አላውቅም፤ የቀረጸኝም አልነበረም።

ተመልሼ ሳገኛት ስለናት ድንበሩ ላይ ቁጭ ብላ አገጯን በእጇ ይዛለች። አዘንኩላት። ፊልሙን ሠርታ ለውድድር ልትልከው ነው የምትለፋው።

«አጎቴ» አለችኝ፤ «በዚህ አገር ሰው ሰውን አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፈው መቼ ነው?»

«ሲሞት።»

«ሌላስ?»

«ሲኳረፍ» አልኩ። በገዛ አፌ።

ቀና ብላ አየችኝ። ብዕሯን አወጣችና ደብተሯ ላይ ጻፈች። በትከሻዋ አሻግሬ አነበብኩት፤ «ሰላም የማይባባሉ ሁለት ሰዎች ይፈለጋሉ» ይላል። ከት ብዬ ሳቅኩ። «አንዱን ካገኘሽ ሁለተኛውን ራሱ ይጠቁምሻል» ብዬ ቀለድኩባት። አሁንም አልሳቀችም። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ፤ ግን እኔ ነገር የሚገባኝ ካለፈ በኋላ ነው።

ከሳምንት በኋላ ጠራችኝ። «ተከታይ አግኝቻለሁ» አለች።

«ማንን?»

«ዞር እንዳይሉ።»

ድንበሩ ላይ ሄድኩ። አጫጆቹ ጋ ደረስኩ። የለመድኩትን ሰላምታ ስጠብቅ የለም። ማጭዶቹ አየር ላይ ቀሩ። አንዱ አፉን ከፍቶ እኔን አየ፣ ከኋላዬ ያለውን አየ፣ እንደገና እኔን አየ። ያ ሁሉ አጫጅ፣ ያ ሁሉ ወሬ ወዳድ፣ ጸጥ አለ። ሜዳው እንደዚያ ሲሆን ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ከኋላዬ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

ያን ጉሮሮ አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ ጥፋት አጥፍቼ ከጎተራ ጀርባ ስደበቅ፣ ስሜን ከመጥራቱ በፊት እንደዚያ ነበር የሚጠርገው። አያ ሙላት ነው። ላብ በግንባሬ ወረደ፣ ዓይኔ ፈጠጠ። አንገቴ ልዙር ይላል፣ ፍርሃቴ አትዙር ይላል። «ግሩም ነው! ግሩም ነው አጎቴ! እንዲያው ይቀጥሉ!» ትላለች ስለናት ከመንሹ ጀርባ። ትወና መስሏት ነው።

እንግዲህ ምክንያቱን ልንገራችሁ።

የዛሬ ሦስት ክረምት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወረታ መብራት ጠፋ። ወፍጮው ቆመ። እኔም ጆንያ ላይ ጋደም ብዬ ስልኬ ላይ ፊልም ከፈትኩ። አትሳቁ፤ ልብ አንጠልጣይ ነበር። ገዳዩ ጭምብሉን ሊያወልቅ እጁን ሲያነሳ ስልኩ ጠራ። «አያ» ይላል። የገዳዩን ፊት ሸፈነብኝ። «ይችን ልይና እደውልለታለሁ» ብዬ ዘጋሁት። እንደገና ጠራ፤ ዘጋሁት። ሰባት ጊዜ ጠራ፣ ሰባት ጊዜ ዘጋሁት። ከዚያ ባትሪው አለቀ። ገዳዩ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አያ ሙላት የደወለው የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ስላጥለቀለቀው ነው። ከብቶቹ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ነበሩ። ብቻውን እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ አንድ በአንድ ያወጣቸዋል፤ በአንድ እጁ ስልኩን ከውሃው በላይ ይዞ ወደ እኔ ይደውላል። በዚህ መሀል ቡሬን ጎርፉ ወሰደበት። ቡሬ አባታችን ከተወልን ላም የተወለደ፣ አያ ሙላት ከጥጃነቱ ጀምሮ በእጁ ያሳደገው በሬ ነው። እሱ ራሱም ለትንሽ ነው የተረፈው። በማግሥቱ ስሄድ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። «ለምን አላነሳህም?» አለኝ። እኔም «ወፍጮው እየጮኸ አልሰማሁም» አልኩት።

ያን ቀን መብራት እንዳልነበረ ደግሞ ፎገራ በሙሉ ያውቃል።

አየኝ፣ ፊቱን አዞረ፣ በዚያው ቀረ። ሽማግሌ ላክሁ። ሽማግሌዎቹ «መብራት ሳይኖር ወፍጮው በምን ጮኸ?» ቢሉኝ አፌ «ጄኔሬተር ነበረን» አለ። በሁለተኛው ሽምግልና «ጄኔሬተሩ የታለ?» አሉኝ። «ተበላሽቶ ለጥገና ባሕር ዳር ሄዷል» አልኩ። በሦስተኛው፣ ከዓመት በኋላ፣ «እስካሁን አልተመለሰም?» አሉኝ። «መለዋወጫ ጠፍቶለት ነው» አልኩ። ሽማግሌዎቹ ተያዩና ጋቢያቸውን ሰብስበው ሄዱ። ኖሮ በማያውቅ ጄኔሬተር የተነሳ ወንድም አልባ የሆንኩት እንዲህ ነው። አንድ ቀን «ዋሽቼ ነው» ብል ይበቃ ነበር። ግን እሱን ልል ስነሳ ጄኔሬተሩ ምላሴ ላይ ቁጭ ይልብኛል።

ከዚያ ቀን ቀረጻ በኋላ አያ ሙላት ሳያየኝ በመጣበት ሄደ። ስለናትን «አባትሽ እንዴት እሺ አለ?» አልኳት።

«ሁለት ነገር ብቻ ጠየቀኝ» አለች። «‹ንግግር አለበት?› አለኝ። የለበትም አልኩት። ‹እሱ ዞር ይላል?› አለኝ። አይልም አልኩት። ‹እንግዲያው እመጣለሁ› አለ።»

ይህ መልስ ሥራ አስፈታኝ። ሦስት ዓመት ፊቴን ማየት የጠላ ሰው ጀርባዬን ሲያይ መዋል ለምን ፈለገ? ምን አስቦ ነው? ሩዝ ስፈለፍል አስባለሁ፣ ስበላ አስባለሁ። አንድ ቀን የሰው ሩዝ ሁለት ጊዜ ፈልፍዬ ዱቄት ላደርገው ምንም አልቀረኝም።

ቀረጻው ስድስት ቀን ፈጀ። በአራተኛው ቀን የደብሩ ቄስ አባ ተክሌ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ከፊት ለፊቴ መጡ። ስለናት አትቁም ብላኛለች። ቄስ አይቶ መስቀል ሳይሳለም የሚያልፍ ሰው ግን ፊልም ላይ ቢታይ እንኳ እናቱ የት አሳደገችው ይባላል። ጎንበስ ብዬ ተሳለምኩና ፈቀቅ አልኩ። ከኋላዬ ኮቴ ቀረበ፣ ቀረበ፣ አጠገቤ ደረሰ። ተከታዩም መስቀል ሳይሳለም ማለፍ አልቻለም። ክንዱ ክንዴን ሊነካው የቀረው የጣት ስፋት ነው። የጭድና የከብት ሽታው ሸተተኝ፤ የልጅነት ቤታችን ሽታ ነው። ዞር አልልም፣ ተከልክያለሁ።

«ታረቃችሁ?» አሉ አባ ተክሌ ፊታቸው በርቶ።

ሁለታችንም መሬት መሬቱን አየን።

«አባ፣ ፊልም ነው!» ብላ ጮኸች ስለናት ከሩቅ።

«ፊልም መሆኑንማ እናውቃለን፤ ሦስት ዓመት ስናየው አይደል?» አሉ። ወደ እኔ ዞረው «ምን የሚሉት ፊልም ነው?» አሉኝ።

«ልብ አንጠልጣይ ይባላል፣ አባ።»

«የማንን ልብ ነው የምታንጠለጥሉት?»

«ይሁን» አሉ፤ «ብቻ አንጠልጥላችሁ እንዳትተዉት። ማውረድም አለ።» ጃንጥላቸውን አስተካክለው ወደ ጣራ ገዳም በሚወስደው አቅጣጫ ሄዱ። አያ ሙላትም አርባ እርምጃውን ወደ ኋላ ሄዶ ቦታውን ያዘ።

ስልኬ ከቀረጻ በኋላ ወደ እኔ ስለምትመለስ በማግሥቱ ወፍጮ ቤት ቁጭ ብዬ የተቀረጸውን ከፈትኩ። የራሴን ትወና ላደንቅ ነበር፤ ዓይኔ ግን ከኋላ ወዳለው ሰው ሄደ። በሁለት ጣቴ ሥዕሉን ለጥጬ አቀረብኩት። ከስቷል። ጺሙ ሸብቷል። የለበሰው ጃኬት እኔ ከመኳረፋችን በፊት የሰጠሁት ነው፤ የጣለው መስሎኝ ነበር። አንድ ቦታ ላይ እርጥቡ መረሬ አፈር አንሸራተተኝና በጉልበቴ ወደቅሁ። የተበላሸ ቀረጻ ነው፣ ስለናት ልትሰርዘው ነበር። እኔ ስወድቅ ግን ከኋላዬ የአያ ሙላት ዱላ ከእጁ ወደቀ። ቀኝ እጁ ሊይዘኝ ወደ ፊት ተዘረጋ። በአርባ እርምጃ ርቀት ላይ ሆኖ። ከዚያ የገዛ እጁን አየው፣ ሰበሰበው፣ ዱላውን አነሳ።

ያችን ደጋግሜ አየኋት። አለቀስኩ። ወፍጮው እየጮኸ ስለነበር ማንም አልሰማኝም፤ ለአንድ ቀን እንኳ ወፍጮው በእውነት ጮኸልኝ።

ከዚያ በኋላ መጨረሻውን ሳላውቅ መቆየት አልቻልኩም። ስለናት ከአጫጆቹ ጋር ስታወራ ደብተሯን ከቦርሳዋ አወጣሁ። ያን የመርፌ ቁልፍ ስፈታ ጣቴን ወጋኝ፤ እየደማሁ ገለጥኩት። ገጹ ባዶ ነው። መሀሉ ላይ በአዲስ ቀለም የተጻፈ አንድ መስመር ብቻ አለ፤ «ከዚህ በኋላ ያለውን አባባ ያውቃል።»

ምኑን ነው የሚያውቀው? በዱላው ይለኝ ይሆን? ቦይ ውስጥ ይከተኝ ይሆን? ወይስ ዞር ብሎ ይሄዳል፣ እኔ ሜዳው ላይ ብቻዬን እቀራለሁ? ሦስተኛው ከሁለቱ ይልቅ አስፈራኝ። ቢመታኝ እንኳ ቢያንስ አጠገቤ ይደርሳል።

የመጨረሻው ቀን ስለናት የመረጠችውን ቦታ ሳይ ወዲያው አወቅኩት። ቡሬ የሄደበት ነው። አሁን ውሃው የለም፤ የሩዝ ገለባ ብቻ ነው። መንሹን ከፊት ለፊቴ ተከለች፣ ስልኬን አሰረችና «ወደ ካሜራው ይምጡ፤ አባባ ከኋላዎ አለ። ዞር እንዳይሉ» አለችኝ።

ሄድኩ። ገለባው ከእግሬ ስር ይንኮሻኮሻል፣ ከኋላዬም ሌላ ገለባ ይንኮሻኮሻል። ከዚያ የኋላው ቆመ። መንሹ ጋ ልደርስ አሥር እርምጃ ሲቀረኝ ስልኬ ጠራ።

«ኧረ አሁን ማን ነው!» አለች ስለናት ተናዳ። ጎንበስ ብላ አየች፤ ቁጣዋ ጠፋ። አልነካችውም። መንሹን ብቻ ያዘችና ዞር አደረገችው፤ የስልኩ ፊት ወደ እኔ ሆነ። «አያ» ይላል።

ፊልሙ የተቆረጠው እዚህ ላይ ነው። ጥበብ የለበትም፤ ስልክ ሲጠራ ቀረጻው ይቆማል።

አንድ ጊዜ ጠራ። ሁለት ጊዜ። የዚያን ቀን ሰባቱም ጥሪ ባንድ ላይ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ሮጥኩ። ስልኩን ላወጣው ብሞክር ከመነዳሪው ጨምድዶ ይዞታል፤ ብስበው መንሹ ይነቀላል እንጂ ስልኩ አይወጣም። ሊዘጋ ነው ብዬ ደነገጥኩና እንደታሰረ አነሳሁት። ወገቤን አጥፌ ጆሮዬን መንሹ ላይ ለጠፍኩ። ወደፊት ታዋቂ ተዋናይ ብሆን ይህን እንዳትነግሩብኝ።

«ሃሎ» አልኩ።

ጉሮሮውን ጠረገ። አንድ ጊዜ በጆሮዬ፣ አንድ ጊዜ ከጀርባዬ ሰማሁት።

«አነሳኸው?»

«አነሳሁት፣ አያ።»

«ጄኔሬተሩ ከባሕር ዳር ተመለሰ?»

«ገና ነው» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ለምዷላ! ጥርሴን ነከስኩበት። ያ አርባ እርምጃ ላይ የተዘረጋ እጅ ፊቴ መጣብኝ።

«ጄኔሬተር አልነበረንም» አልኩ። «መብራትም አልነበረም። ወፍጮውም አልጮኸም። ስትደውል እያየሁት ነው የዘጋሁት፣ አያ። ሰባቱንም ጊዜ። ፊልም እያየሁ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅር በለኝ።»

ስለናት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች።

«አውቃለሁ» አለ።

«ታውቃለህ? ታዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ ምን ትጠብቅ ነበር?»

«ካንተ አፍ ልስማው ብዬ ነዋ።»

ወገቤ ታጥፎ፣ ጆሮዬ መንሽ ላይ ተለጥፎ፣ እንባዬ ከመነዳሪው ላይ ይንጠባጠባል። ደግሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እና ያ ቡሬን የበላ ፊልም» አለ፤ «ገዳዩ ማን ሆኖ ተገኘ?»

«አላየሁትም፣ አያ። ባትሪው አለቀ።»

ሳቀ። ሦስት ክረምት ያልሰማሁትን ሳቅ እሱንም ሁለት ጊዜ ሰማሁት፤ በጆሮዬና ከጀርባዬ። ሲስቅ ቆየና ድምፁ ዝቅ አለ።

«በል እንግዲህ፣ ዞር በል።»

ስለናትን አየኋት። ዳይሬክተሯ እሷ ናት፣ ስድስት ቀን ሙሉ የከለከለችኝ እሷ ናት። ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

ዞር አልኩ። ስልኩን መንሹ ላይ እንደታሰረ ትቼ ያን አርባ እርምጃ ሄድኩና ፊቱ ቆምኩ። ማስተዛዘኛ፣ ማስታረቂያ፣ ብዙ ትልልቅ ቃል አስቤ ነበር፤ የወጣኝ ሰው ሁሉ ሰው ሲያገኝ የሚለው ነው።

«እንደምን ከረምክ፣ አያ?»

«ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን» አለኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ ስልኩን ከጆሮው ሳያወርድ።